የፀሐይነሽ ቅርንጫፍ እንዴት ተመለሰ

የኔሰው ዝርክርክ ነገር አይወድም። ቢቸና ከተማ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለ ፎቅ ላይ ካለችው ትንሽ የሶፍትዌር ቢሮ ማለዳ ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው። ጠረጴዛውን ይወለውላል፣ የተጠላለፉ ገመዶችን ይፈታል፣ የማንም ያልሆነ ወረቀት ካገኘ ቀዶ ይጥላል። ባልደረቦቹ ያመሰግኑታል፤ እሱም ምስጋናው ደስ ይለዋል። ጽዱ መሆን መልካም ጠባይ ነው። ሳይጠይቁ የሰውን ሥራ ማጽዳት ግን ሌላ ነገር ነው፤ የኔሰውም ይህን የተማረው በቀላሉ አልነበረም።

በዚያ ዓመት ቢሮው ለሞጣና ለአካባቢዋ የገጠር ጤና ባለሙያዎች የሚሆን አንድ ሥራ ይዞ ነበር። በገጠር አንዲት እናት ምጥ ሲይዛት የጤና ባለሙያዋ ለአምቡላንስ ሾፌር ትደውላለች። ሾፌሩ መንገድ ላይ ከሆነ ወይም ኔትወርክ ከሌለው ሌላ ሾፌር መፈለግ፣ የእሱንም ስልክ ከሰው ማጠያየቅ ይመጣል። ያ ሁሉ ሲሆን ምጡ አይጠብቅም። ቢሮው የሚሠራው ፕሮግራም ይህን ለማስቀረት የታሰበ ነው። ባለሙያዋ አንድ ቁጥር ብቻ ትደውላለች፤ የተቀዳ ድምፅ ይቀበላታል፤ ፕሮግራሙም አንዱ ሾፌር እስኪያነሳ ድረስ ለሁሉም በየተራ ይደውላል። ተራ ስልክ ይበቃል፣ ኢንተርኔት አያስፈልጋትም። ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ሳይጨቀይ ሥራው ሞጣ ላይ እንዲጀመር ቀጠሮ ተይዞለት ነበር።

ከሥራው ሁሉ ከባዱን ክፍል፣ ለሾፌሮቹ በየተራ የሚደውለውን ማለት ነው፣ የሠራችው ፀሐይነሽ ናት። ፀሐይነሽ የሞጣ ልጅ ነች። እርጉዝ ሆና፣ እግሯ እያበጠ፣ የራሷ ላፕቶፕ ስለተበላሸባት በቢሮው የጋራ ኮምፒውተር ላይ ስትሠራ ከረመች። ኢንተርኔቱ በዚያ ሰሞን እየጠፋ ስላስቸገረ የመጨረሻውን ሥራዋን ወደ ጋራው ማከማቻ አልላከችውም። ያለው እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነበር።

እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ጊት የሚባል ፕሮግራም አላቸው። ጊት የሥራውን ታሪክ ከሥር ከሥሩ እየያዘ ያስቀምጣል። አንድ ሰው አዲስ ነገር መሞከር ሲፈልግ ዋናውን እንዳያበላሽ ከግንዱ አንድ ቅርንጫፍ ያወጣና እዚያ ላይ ይሠራል፤ ሥራው አልቆ ሲፈተሽ ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር ይዋሐዳል። ፀሐይነሽ ለቅርንጫፏ በጥድፊያ የሰጠችው ስም «ሙከራ ሦስት» የሚል ነበር። ኋላ አስተካክለዋለሁ ብላ ስታስብ ምጧ ቀድሞ መጣና ወደ ሞጣ፣ ወደ እናቷ ቤት ሄደች።

አንድ ዓርብ ጠዋት የኔሰው የጋራውን ኮምፒውተር ከፍቶ ቅርንጫፎቹን ተመለከተ። «ሙከራ አንድ» የራሱ የቆየ ሥራ ነው፤ አጠፋው። «ሙከራ ሁለት» የባልደረባው የይግዛው ነው፤ እሱንም አጠፋው። «ሙከራ ሦስት» ላይ ሲደርስ ጊት እምቢ አለ። በዚህ ቅርንጫፍ ላይ ያለው ሥራ ከግንዱ ጋር አልተዋሐደም፤ እርግጠኛ ከሆንክ ብቻ በግድ አጥፋው የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ። የኔሰው ማስጠንቀቂያውን እስከ ግማሹ አነበበው። በግድ የሚያጠፋውን ትእዛዝ ጻፈ፣ መስኮቱን ዘጋና ሻይ ሊጠጣ ወረደ። የማን እንደሆነ ለመጠየቅ አንድ ስልክ መደወል ይበቃው ነበር።

ከምሳ በኋላ የቢሮው ኃላፊ አቶ ሀብተ ሥላሴ መጡ። ሀብተ ሥላሴ ለሥራቸው የሚሟሟቱ፣ ቃላቸውን የሚጠብቁ ሰው ናቸው። አንድ ክፉ ልማድ ግን ነበራቸው፤ ስህተት ሲያዩ በሰው ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያዋርዳሉ።

«የኔሰው፣ ሰኞ ሞጣ ላይ ለጤና ባለሙያዎቹ እናሳያለን» አሉት። «የፀሐይነሽን ሥራ አዘጋጅልኝ። ሙከራ ሦስት ብዬዋለሁ ብላኛለች።»

የኔሰው «እሺ ጋሼ» አለ። እሳቸው ወደ ክፍላቸው ሲገቡ ቸኩሎ ተነሣ። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ቅርንጫፎቹን ደጋግሞ አየ፤ ግንዱ ብቻ ቀርቷል። ያ ሁሉ ሥራ የለም።

ይግዛው ፊቱን አይቶ ወንበሩን አስጠጋ። «ምን ሆንክ?»

የኔሰው በሹክሹክታ ነገረው።

«ታዲያ ለምን ትጨነቃለህ?» አለ ይግዛው። «ኮምፒውተሩ ቫይረስ ገባበት በል። አሁኑኑ ፎርማት አድርገውና ሁሉንም እንደ አዲስ ጫን። ማን ይጠይቅሃል?»

«የፀሐይነሽ ልፋትስ?»

«እሱ አንዴ ሄዷል። ብትናገርም ባትናገርም አይመለስም። ባለፈው ዓመት ያ ልጅ አጥፍቻለሁ ብሎ በገዛ አፉ ተናግሮ ጋሽ ሀብተ ሥላሴ በሁላችን ፊት ያደረጉትን ረሳኸው? በወሩ ሥራ ለቀቀ። እውነት ተናግሮ ምን አተረፈ?»

ይግዛው ክፉ ሰው አይደለም። ለባልንጀራው አዝኖ ነው የመከረው፤ የተናገረውም የቢሮውን ነባር ልማድ ነው። በዚያ ቢሮ ውስጥ ጥፋት ይሸፈናል፣ የጠፋውም ነገር ሳይነሣ ይረሳል። የኔሰው ብዙ አላንገራገረም። ኮምፒውተሩን እንደ አዲስ የሚጭንበትን ፍላሽ ከመሳቢያው አወጣና ሰካው። አንድ ቁልፍ ቢጫን በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠረጋል።

በዚህ መካከል ስልኩ ጠራ። ፀሐይነሽ ነበረች።

«የኔሰው፣ ደኅና ነህ? አራስ ቤት ሆኜም ሐሳቤ እዚያ ነው» አለች። ድምፁ እየተቆራረጠ ይመጣል። «አዋላጇ ሲስተር ደስታነሽ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ከገጠር በቃሬዛ ተሸክመው አመጧት አለችኝ። ሾፌሩ ስልክ አላነሳም፤ የሌላውን ቁጥር ደግሞ የሚያውቅ ጠፋ። እናትየዋ ተርፋለች። ልጁ ግን አልተረፈም።»

የኔሰው የሰካውን ፍላሽ አየ።

«ይህን የሰማሁት ልጄን ታቅፌ ነው» አለች ፀሐይነሽ። «ደግነቱ ሥራው አልቋል። እናንተ እጅ ላይ ስለሆነ አልሰጋም።»

«ፀሐይነሽ፣ አንድ ነገር…» አለ የኔሰው፤ መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሞ ሞከረ፤ አልገባለትም።

እጁ ቁልፉ አጠገብ እንዳለ ቀረ። ያቺ በቃሬዛ የመጣች ሴት፣ የማያውቃት ሴት፣ ከዓይኑ አልጠፋ አለች። ቫይረስ ነው ቢል ሀብተ ሥላሴ ያምኑታል፤ ፀሐይነሽም ታምነዋለች። ሥራው ግን ክረምቱ ካለፈ በኋላ ካልሆነ አይጀመርም፤ እስከዚያ የሚደወልላቸው ሾፌሮች ስልክ ካላነሡ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ማንም ባያውቅበትም። ፍላሹን ነቀለ። ኮምፒውተሩን እንዳለ ትቶ ተነሣ።

«ወዴት ነው?» አለ ይግዛው።

«ልነግራቸው ነው።»

«አብደሃል።»

«ሊሆን ይችላል» አለና የኃላፊውን በር አንኳኳ።

ሀብተ ሥላሴ እስኪጨርስ ሰሙት። ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ። «ስሙን አይተህ ብቻ አጠፋኸው? ማስጠንቀቂያ መጥቶልህ?» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ ማለት ጀመረ። በሩ ክፍት ነው፤ ይግዛው ከውጭ ይሰማል።

«አዎ ጋሼ። እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ምክንያት የለኝም» አለ የኔሰው። «ፎርማት አድርጌ ቫይረስ ነው ልልዎት አስቤ ነበር። ከዚያ ተውኩት። ኮምፒውተሩን አልነካሁትም። ምናልባት ፀሐይነሽ የምታውቀው መላ ይኖር ይሆናል ብዬ ነው።»

ሀብተ ሥላሴ ሊናገሩ የከፈቱትን አፍ ዘጉ። ሰው ሊያታልላቸው አስቦ እንደነበር በገዛ አፉ ሲነግራቸው ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ለምን ሊያታልላቸው እንዳሰበም ሳይነገራቸው ገባቸው። ተነሥተው በሩን ዘጉና ዝቅ ባለ ድምፅ «ነገ ማለዳ ሞጣ እንሄዳለን። ኮምፒውተሩን ይዘን» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት የኔሰው ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልሎ ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ደብረ ወርቅ ላይ ሰው ሲበዛ ረዳቱ ጥቅሉን ፖርቶ መጋላ ላይ ልጫንልህ ቢለው እምቢ አለ። አጠገቡ የተቀመጡ አንዲት እናት ብዙ ሲመለከቱት ቆይተው ጠየቁት።

«ልጄ፣ ምንድን ነው እንዲህ እንደ ሕፃን የታቀፍከው?»

«ኮምፒውተር ነው እማማ።»

«ታሟል እንዴ?»

«ታሟል። ሐኪሙ ሞጣ ነው።»

«እግዜር ይማረው» አሉ እናትየዋ ከልባቸው። ከዓርብ ጀምሮ ፊታቸው ያልተፈታው ሀብተ ሥላሴ ወደ መስኮቱ ዞረው ፈገግ ሲሉ የኔሰው አያቸው፤ ትንሽም ቀለል አለው።

የፀሐይነሽ እናት ወይዘሮ ይርጋነሽ በር ላይ ተቀበሏቸው። ሲስተር ደስታነሽ፣ በሞጣ የምትሠራው አዋላጅ፣ አራሷን ልትጎበኝ መጥታ ከውስጥ ተቀምጣለች። እንግዶቹ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ገቡ፤ ገንፎ ቀረበ። የኔሰው ግን ማንኪያውን አላነሣም።

«ፀሐይነሽ፣ መጀመሪያ ልናገር» አለ። «ሙከራ ሦስትን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የማን እንደሆነ ሳልጠይቅ፣ ማስጠንቀቂያውን አንብቤ ሳልጨርስ አጠፋሁት። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ፀሐይነሽ ልጇን ለእናቷ አቀበለች። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ያን ሥራ እንዴት አድርጌ እንደሠራሁት ታውቃለህ?» አለች። «እግሬን ባልዲ ውስጥ ነክሬ እየተቀመጥኩ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ የኔሰው፤ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

እንባዋን ጠረገችና ድንገት «ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ ላይ ምን አደረግህ?» ብላ ጠየቀችው።

«ምንም።»

«ፎልደሩን አጥፍተህ እንደ አዲስ አላወረድከውም? ፎርማትስ አላደረግህም?»

«ላደርግ ነበር። አላደረግሁም።»

ፊቷ ወዲያው ፈካ። «እንግዲያው አልጠፋም» አለች። «አንተ ያጠፋኸው ስሙን ነው። ቅርንጫፍ የምንለው እኮ ሥራው ላይ የተለጠፈ ስም ነው እንጂ ሥራው ራሱ አይደለም። ጊት ስም ያጣውን ሥራ ወዲያው አይጥለውም፤ ለጥቂት ሳምንታት አቆይቶ ነው። ፎርማት ብታደርገው ኖሮ ግን ማንም አይመልሰውም ነበር። ያ ኮምፒውተር ብቻ ነው የሚያውቀው።»

የኔሰው ሰክቶት የነበረውን ፍላሽ አሰበ።

ኮምፒውተሩን ከቤቱ ቴሌቪዥን ጋር አገናኙት። ፀሐይነሽ አልጋዋ ላይ ተደግፋ «ጻፍ» ትለዋለች፤ የኔሰው ይጽፋል። መጀመሪያ ያስጻፈችው ትእዛዝ ጊት በዚያ ኮምፒውተር ላይ የተሠራውን ሁሉ ከአዲሱ ወደ አሮጌው እየደረደረ የሚያሳይ ነው። ስክሪኑ በመስመር ሞላ። በእያንዳንዱ መስመር መጀመሪያ ላይ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት አጭር መለያ አለ፤ ቀጥሎ ምን እንደተሠራ ይነበባል።

«ይኸው የእኔ ነው» አለች አንዱን እያሳየች። የኔሰው መለያውን ቀዳና በዚያ ቦታ ላይ አዲስ ቅርንጫፍ አወጣ። ፕሮግራሙ ተነሣ። ነገር ግን ድምፅ አልነበረውም፤ የሚደውለውም ለአንድ ሾፌር ብቻ ነው።

ሀብተ ሥላሴ በረጅሙ ተነፈሱ። የኔሰው እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሣ።

«ቆይ፣ አትቸኩል» አለች ፀሐይነሽ። «ይህ የድሮው ነው፤ በጣም ወደ ታች ወረድን። ምጥ የያዘኝ ዕለት ያስቀመጥኩት አለ። ምን ብዬ ነበር የጻፍኩት?» ዓይኗን ጨፈነች። «ሾፌሮች በተራ፣ ከነድምፁ። እንዲህ ነው ያልኩት። ወደ ላይ ውጣ።»

የኔሰው ቀስ ብሎ፣ አሁን እያንዳንዱን ቃል እያነበበ፣ ወደ ላይ ወጣ። አገኘው። «ሾፌሮች በተራ፣ ከነድምፁ» ይላል። መለያውን ፊደል በፊደል አመሳክሮ ጻፈ። ፀሐይነሽ ለቅርንጫፉ የሚሆን ስም ስትጠየቅ «አሁንስ ሁሉም የሚገባው ይሁን» አለችና «የሾፌሮች ተራ ጥሪ» ብለው አወጡት። ፕሮግራሙን አስነሡት።

ከቴሌቪዥኑ አንድ የሴት ድምፅ ቤቱን ሞላው። «ጤና ይስጥልኝ። ጥሪዎ ለምጥ ከሆነ አንድን ይጫኑ።»

ሲስተር ደስታነሽ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ድምፁ የራሷ ነው፤ ፀሐይነሽ ከወራት በፊት ቀድታው ነበር። የኔሰው አንድን ተጫነ። ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን ሾፌር ሞከረ፣ አለፈ፤ ሁለተኛውን ሞከረ፣ አለፈ፤ ሦስተኛው ላይ አገናኘ። ወይዘሮ ይርጋነሽ ነገሩ በውል ባይገባቸውም የልጃቸውን ፊት አይተው እልል አሉ። ሕፃኑ ባንኖ አለቀሰ፤ ሁሉም ሳቁ። የኔሰው እየሳቀ እንባውን በእጁ ጀርባ ይጠርግ ነበር። ያን ዕለት ገንፎውን ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በላ።

ሥራውን ወዲያው በሌላ ዲስክ ላይ ገለበጡት። ሀብተ ሥላሴ ከመውጣታቸው በፊት በሩ አጠገብ ቆመው «የኔሰው፣ ዓርብ ዕለት ልትዋሸኝ እንድታስብ ያደረገህ ጥፋትህ ብቻ አልነበረም» አሉት። «የእኔም አፍ ነው። ባለፈው ዓመት የሄደውን ልጅ ሳስበው ነው ያደርኩት።» ከዚያ በላይ አላብራሩም፤ አላስፈለገምም።

ሰኞ ዕለት አዳራሹ ከየገጠሩ በመጡ ጤና ባለሙያዎች ሞላ። የመጀመሪያው ሾፌር ስልኩን እንዲያጠፋ፣ ሁለተኛው እንዳያነሣ ተነግሯቸዋል። አንዲት ባለሙያ በአሮጌ የእጅ ስልኳ ደወለች። ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ሦስተኛው ሾፌር ስልክ ሲጮህ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። መድረክ ላይ የወጡት ሀብተ ሥላሴ የፀሐይነሽን ስም ጠርተው ሥራው የእርሷ መሆኑን ተናገሩ። ማይክሮፎኑንም ለየኔሰው ሰጥተው ቅርንጫፉ እንዴት ጠፍቶ እንዴት እንደተመለሰ ራሱ እንዲያስረዳ አደረጉት። የኔሰው ሳይደብቅ አስረዳ። ያ ሁሉ ሰው ሲሰማው አላፈረም።

ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናቡ ሳያባራ በዋለበት አንድ ቀን፣ የመጀመሪያው ከባድ ጥሪ መጣ። ቅርብ የነበረው ሾፌር ኔትወርክ አልነበረውም፤ ቀጣዩ ጭቃ ይዞት ቆሟል፤ ሦስተኛው አነሣ። እናትየዋ በሰዓቱ ደረሰች። ሲስተር ደስታነሽ ወደ ቢቸና ደውላ «ሴት ልጅ ናት፤ ሁለቱም ደኅና ናቸው» ስትል በቢሮው ያሉት ሁሉ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ተቃቀፉ።

ከዚያ በኋላ የቢሮው ልማድ ተለወጠ። የየዕለቱ ሥራ ማታ ወደ ቤት ከመሄድ በፊት ወደ ጋራው ማከማቻ ይላካል፤ ኢንተርኔት ከሌለ በሌላ ዲስክ ይገለበጣል። ባለቤቱ ሳይጠየቅ የሚጠፋ ቅርንጫፍ የለም። ከሁሉ የበለጠው ለውጥ ግን በአንድ ጠዋት የታየው ነው። ይግዛው ከሀብተ ሥላሴ በር ፊት ቆሞ ነበር፤ በሩ ክፍት ነው፤ ሁሉም ይሰማል።

«ጋሼ፣ የሾፌሮቹን ቁጥር ሳስተካክል አንዱን አሳስቼዋለሁ። አሁን ነው ያየሁት» አለ።

«ሌላ የነካኸው ነገር አለ?»

«የለም። እንዳየሁት ነው የመጣሁት።»

«ደግ አደረግህ። ና፣ አብረን እናስተካክለው» አሉ ሀብተ ሥላሴ፤ ወንበርም ሳቡለት። ሻይ ሳይቀርብ ቁጥሩ ተስተካከለ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሱቁ፣ በየቤቱ እጃችን የሚያጠፋው ብዙ ነው። የኔሰው በጥድፊያ ያጠፋው ሥራ መመለስ ይችል ነበር፤ ሊመለስ የማይችለው ጥፋቱን ለመሸፈን ሊያደርገው የነበረው ነው። ያጠፋ ሰው ሳይውል ሳያድር ይናገር፤ የሚነገረውም ሰው ከቁጣው በፊት «ምን ላግዝህ?» ይበል። በሞጣ ገጠር ያቺ በሐምሌ የተወለደች ሕፃን ዛሬ ድክ ድክ ትላለች።